ያልበላኋቸው ሁለት ጠጠሮች

ሰው ከስህተት ሲሸሽ እንጂ ስህተትን ሲፈልግ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ከቤት ስወጣ ጋዙን ዘግቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ መዝጋቴን ለማየት እንደገና የምወጣ ሰው ነኝ። ልጄ «እማ፣ ጋዙም እኮ ታዘበሽ» ትለኛለች። ሥራዬም ይህን ጠባዬን የሚፈልግ ነው፤ ሜታፔሌት ነኝ፣ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየሄድሁ እንከባከባለሁ። የጠዋቱ ክኒን ከማታው እንዳይቀላቀል፣ ወለሉ እርጥብ ሆኖ ሰው እንዳይጥል፣ ሻዩ ሲቀርብ አፍ እንዳያቃጥል እጠነቀቃለሁ። ከትምህርት የደረስሁት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ስለዚህ በመጠንቀቅ የማካክሰው ይመስለኛል።

ታዲያ በአሚሻቭ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንድንከባከባቸው የተላክሁላቸው ሽማግሌ በመጀመሪያው ሳምንት ስንተዋወቅ የነገሩኝ ነገር አስገረመኝ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሼሽ ቤሽ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ጠጠሮቹ ጥቁርም ነጭም እንደ ተበተነ እህል እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። ጠረጴዛውን ልወለውል ሰሌዳውን ላነሣ ስል እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱን አትንኪው! ሁሉን አጽጂ፣ እሱን ግን እንዳለ ተዪው።»

«እሺ ሳባ። ጨዋታ ላይ ነበሩ እንዴ?»

«ጨዋታ አይደለም። በዓለም ላይ ትልቁን ስህተት እየሠራሁ ነው» አሉኝ፤ ጨርቅ እንደሚለካ ልብስ ሰፊ ሰሌዳውን እያዩ።

ሳባ ማለት በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው፤ እንደዚያ ብዬ ነበር የምጠራቸው። የምንነጋገረው በዕብራይስጥ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አንቱ የሚባል የለም። አፌ «አንተ» እያለ ልቤ ይሰቀቅ ነበር። እዚህ ግን በልቤ እንደምላቸው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ቀስ በቀስ ነገሩን ተረዳሁ። ሳባ ከባግዳድ በልጅነታቸው ወደ እስራኤል የመጡ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሮሽ ሃዓይን ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ሼሽ ቤሽ ይጫወት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ፋብሪካው ሁሉ ከቦ እያየ፣ ሳባ ከጓደኛቸው ጋር ሲጫወቱ ያሸነፉትን ጨዋታ በአንድ እርምጃ ጣሉት። የጓደኛቸውን አንድ ጠጠር ጥንድ ጥንድ ሆነው በቆሙ ጠጠሮች ግንብ አጥረው ይዘውት ነበር፤ አንድ ዙር ብቻ ቢታገሡ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ግንቡን ራሳቸው አፈረሱት፤ ጠጠሩ ወጣ፣ ሮጠ፣ ጓደኛቸው አሸነፈ። ያን ቀን ጓደኛቸው ወንበር ላይ ቆሞ «ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ከዚህ የባሰ ጨዋታ የተጫወተ የለም!» ብሎ ጮኸ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ምንም አልነበረም። ጓደኛቸው ግን ከሁለት ሕንጻ ወዲያ ነው የሚኖሩት። እሳቸውም በጊዜው ሸምግለዋል፤ በየማክሰኞው በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የተቆላ የሱፍ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። በሩን ስከፍትላቸው ገና ከደጅ ነው የሚጀምሩት።

«ሻምፒዮኑ አለ? የዓለም መጨረሻ ሻምፒዮን?»

«አለሁ፣ አልሞትሁም» ይላሉ ሳባ ከውስጥ።

«እንዳትሞት ሐቢቢ! አንተ ከሞትህ ሰው ስህተት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ጓደኝየው ስቀው ይቀመጣሉ፤ ሳባም ይስቃሉ። እኔ ግን እሳቸውን የማጥብ፣ ካልሲ የማለብስ ሰው ነኝ፤ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ያ ሳቅ እስከ ዓይናቸው አይደርስም ነበር። አንድ ቀን ካልሲያቸውን ሳለብሳቸው «ከዚያ የባሰ አንድ ስህተት ላግኝ። አንድ ብቻ። ሁለተኛ ሆኜ ልሙት» አሉኝ። እንደ ቀልድ አላሉትም።

የሚፈልጉትንም በጠጠር አስረዱኝ። በሼሽ ቤሽ አሥራ አምስት ጠጠር ይዘህ ዙሪያውን አዙረህ ወደ ቤትህ ታስገባለህ፤ ከዚያ ከሰሌዳው ታወጣለህ፤ ቀድሞ የጨረሰ አንድ ነጥብ ያገኛል። ተሸናፊው አንድ እንኳ ሳያወጣ ከተሸነፈ ግን ማርስ ይባላል፤ ሁለት ይቆጠርበታል። ሳባ ያን ቀን የአንድ ነጥብ ድል በእጃቸው ነበር፤ የአንድ ነጥብ ሽንፈት ሆነ። «ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፤ ሁለት ደረጃ ወደቅሁ» አሉኝ። የሚፈልጉት ሦስት፣ አራት ደረጃ የሚጥል እርምጃ ነው።

ለዚህ ነበር ቀኑን ሙሉ ጠጠር ሲያስቀምጡ ሲያነሡ የሚውሉት። ሴት ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ስትመጣ የሠሩትን በወረቀት ስለው ይሰጧታል፤ እሷ ቤቷ ባለው፣ ጀርባው እንደ ጆንያ በወጣ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባዋለች። ሼሽ ቤሽ የሚያውቅ ፕሮግራም አለው፤ ስህተቱ ስንት ደረጃ እንደሚጥል በቁጥር ይናገራል። ሳባ አንድ ጊዜ አራት ደረጃ የሚጥል አግኝተው ለማክሰኞ አዘጋጅተው ጠበቁ። ጓደኛቸው አዩት፣ የሱፉን ቅርፊት እያፈሰሱ አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን አራገቡ።

«ይህን ማን ይጫወተዋል? እብድ እንኳ አይጫወተውም። ድመት ሰሌዳው ላይ ብትወጣ ነው እንደዚህ የሚሆን።»

«ግን ይቻላል! ሕጉ ይፈቅዳል!»

«ሕጉ ከፎቅ መዝለልም ይፈቅዳል። አንተ እኮ አስበህበት ነው የተጫወትኸው፤ ትልቅነቱ እዚያ ላይ ነው! ሰው አስቦበት የተጫወተውን አምጣና ያኔ እንነጋገር።»

ያን ማክሰኞ ሳባ እራት አልበሉም። እኔም በአውቶቡሱ ስመለስ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዕድሜዬን ሁሉ የፈራሁት ነገር፣ ስህተት፣ መጠን ያለው ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እንደ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ታዲያ የኔዎቹ ስንት ስንት ነበሩ? ደግሞስ ሁሉን ሕግ የሚያውቁ ሰው ስህተት መሥራት እንዴት ይሳናቸዋል?

በማግሥቱ ይህንኑ ጠየቅኋቸው።

«ስለማውቅ ነው እንጂ!» አሉ። «መጥፎው እርምጃ ዓይኔ ላይ አይመጣም። እጄ ራሱ እንቢ ይላል።» አዩኝና «አንቺ ግን አታውቂም» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ስህተቴን ሊበደሩ ነው ማለት ነው? ግን ጉጉቴ ከኩርፊያዬ በለጠ። በልጅነቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ መሬት ቆፍረን ገበጣ እንጫወት ነበር፤ ጠጠር በእጄ ከያዝሁ ስንት ዘመኑ! «እሺ፣ ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ» አልኋቸው።

ያን ክረምት እንዲሁ አሳለፍነው። ሾርባው እሳት ላይ ሆኖ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ ኩቢያ የሚሏቸውን ሁለቱን ባለ ነጠብጣብ ዳይሶች እንጥላለን፣ የወጣውን ቁጥር ያህል ጠጠሮቻችንን እናንቀሳቅሳለን። የጨዋታው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሁለት ጠጠር አብረው ከቆሙ ማንም አይነካቸውም። አንድ ብቻውን የቆመ ጠጠር ግን ይበላል፤ መሃል ያለው እንጨት ላይ ወጥቶ ጉዞውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እኔ ጠጠሮቼን ብቻቸውን አልተውም ነበር። ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሕፃናት መንገድ እያሻገርሁ ነው የምወስዳቸው። ሳባ ተስፋ ቆረጡ።

«አንቺ እኮ እንደ ባንክ ዘበኛ ነው የምትጫወቺ! ተሳሳቺ እንጂ ትንሽ!»

«ምን ላድርግ ሳባ፣ ስህተት እኮ ታዝዞ አይመጣም።»

«ለሌላው ሰው ታዝዞ ነው የሚመጣው! ለኔ ብቻ ነው እንቢ የሚለው!»

አንድ ነገር ግን አላስተዋሉም። የእሳቸው ጠጠር ብቻውን ቆሞ ሳገኘው፣ ሌላ የምሄድበት ካለኝ አልበላውም ነበር። ያላየሁት መስሏቸው ያልፉታል። እኔም አልነገርኋቸውም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሳባ ከአሥራ አምስት ጠጠሮቻቸው አሥራ አንዱን አውጥተዋል፤ አራት ቀርቷቸዋል። ሁለቱ አብረው ናቸው፤ ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ለየብቻቸው ቆመዋል። የኔ ጠጠሮች አሥራ አራቱ ቤቴ ገብተው ስድስቱንም ቦታ በግንብ ዘግተዋል። አንዱ ጠጠሬ ብቻ እሳቸው ቤት ውስጥ፣ ከሁለቱ ብቸኞች ኋላ ቀርቷል። ኩቢያውን ጣልሁ፤ ሁለትና አንድ ወጣልኝ። በሁለቱ የመጀመሪያውን፣ በአንዱ ቀጥሎ ያለውን መብላት ይቻላል። ሁለቱም ይወጣሉ፤ መግቢያ ግን የላቸውም፤ ቤቴ ዝግ ነው።

አየሁት። ቆጠርሁት። ከዚያ ቤቴ ውስጥ ያሉ ሁለት ትርፍ ጠጠሮችን ሁለትና አንድ ቦታ ፈቀቅ አደረግሁ። ማንንም የማይነካ፣ ትንሽ፣ ጨዋ እርምጃ።

ሳባ ሰሌዳውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አላየሻቸውም?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ታዲያ?!»

ፊቴ ጋለ። «ሳባ፣ እርስዎ እኮ ትልቅ ሰው ነዎት። አንዱ ባልከፋ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከገዛ ቤትዎ ላባርር? ሊጨርሱ አራት ብቻ ቀርቶዎት ሳለ? እኔ እንደዚያ አልተማርሁም።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ያን ጊዜ ሳቁ እስከ ዓይናቸው ደረሰ፤ እንባ ወጣቸው። «አታንቀሳቅሺ! ምንም እንዳትነኪ! ወረቀት አምጪ!»

ማታ ቤቴ ሄጄ ከካርቶን ላይ ሃያ አራቱን ቦታዎች በልጄ ማርከር ሳልሁ፤ አንዱን ወገን ምስር፣ አንዱን ሽምብራ አደረግሁ። የሠራሁትን ስህተት በገዛ እጄ ማየት ፈልጌ ነበር። ልጄ ከኋላዬ መጣች።

«እማ፣ ማ ዜ፣ ምንድን ነው ይሄ? ምስር እየለቀምሽ ነው?»

«ሼሽ ቤሽ ነው። እይ፣ እዚህ ጋ ነበርሁ፤ ይህን መብላት እችል ነበር።»

ትንሽ አየችና «በይ፣ ብይው እንጂ! ለምን ተውሽው?» አለች፤ እንደዚያ በቀላሉ። ምክንያቱን ስነግራት እንደ ሳባ አልሳቀችም። «በሰደር፣ እሺ እማ፣ ግን እሱ የአንቺን ሊበላ ነው እኮ የሚጫወተው» አለችኝና ስልኳን ይዛ ሄደች። ምስሩን ሁለቱን ሽምብራ አስበላሁት፤ ከዚያም ደግሜ አላስበላሁትም፤ ሁለቱንም መንገድ እስከ መጨረሻው ተጫወትሁ። ስበላ ብዙውን ጊዜ አሸንፋለሁ። ሳልበላ ሳባ በሁለት ዙር ይጨርሳሉ፤ እኔ አንድም አላወጣሁ፤ ማርስ ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት። በጣቴ ቆጠርሁት። ሦስት ደረጃ ማለት ነው።

በዓርቡ ልጃቸው ወረቀቱን ወሰደች፤ በማግሥቱ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ደወለችላቸው። ፕሮግራሙ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ብቻ የጎደለው ቁጥር አወጣ፤ የሳባ የድሮው ደግሞ ሁለት እንኳ አይሞላም። እሑድ ጠዋት ስገባ ሳባ ተላጭተው ጠበቁኝ። ራሳቸው ተላጭተው!

«ማክሰኞ ትነግሪዋለሽ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አስበሽበት የተጫወትሽው አንቺ መሆንሽን። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ሰው ካላየ አያምንም።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ደስታቸውን ሳይ ሰሌዳው ላይ ያለው የእሳቸው ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ጓደኛቸው ታዩኝ፤ ወንበር ላይ ቆመው የጮኹት ሰው። ለሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ላይ የሳቀ አፍ በኔ ላይ ሊከፈት ነው። በምኩራብ ይናገራሉ፣ በፀጉር አስተካካዩ ይናገራሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይናገራሉ። ስለ እኔ ብቻ ቢናገሩ እንኳ ባልከፋ። «ኢትዮጵያዊቷ እኮ ቢያስተምሯትም አይገባት» ቢሉስ? እኛ በምንሠራው ላይ አንዲት ነገር ስትጎድል እንዲህ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለዚህ አይደለም እንዴ ጋዙን ሁለት ጊዜ የማየው?

«ሳባ፣ እኔ ስም እንዲወጣልኝ አልፈልግም» አልኋቸው።

ፊታቸው ወረደ። ግን አልለመኑኝም። «መብትሽ ነው» ብለው ጠጠሮቹን ሳያነሡ ሰሌዳውን በጨርቅ ሸፈኑት።

ሁለት ሌሊት ተገላበጥሁ። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ እንደገና ተላጭተው ነበር፤ ምንም ግን አልጠየቁኝም።

በአሥር ሰዓት ደወሉ ተጫነ። «ሻምፒዮኑ አለ?» እያሉ ጓደኛቸው ገቡ፤ ከዘራቸውን በሩ ላይ ሰቀሉ፤ ሱፉን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። ሳባ ጨርቁን ገለጡ።

«ሁለትና አንድ ወጥቷል። ጥቁሩ ምን ይጫወታል?»

«ይህ ጥያቄ ነው? ሁለቱን ይበላል።»

«አልበላም። ቤቱ ውስጥ እነዚህን ፈቀቅ አደረገ።»

«ደግሞ ያቺ ድመት መጣች!» ጓደኝየው ሳቁ። «ማን ነው ይህን የሚጫወት? ማን ነው እዚህ ጋ ሁለት ጠጠር አይቶ የሚያልፍ? ንገረኝ እንጂ፣ ማን?»

ሳባ ሰሌዳውን አዩ። ወደ እኔ አላዩም። ማጠቢያው ዘንድ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ውኃው እየፈሰሰ ነው። ውኃውን ዘጋሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ጓደኛቸው ዞሩ። «አንቺ?»

«እኔ ነኝ የተጫወትሁት። አይቻቸው ነበር፤ ቆጥሬም ነበር። ሆን ብዬ ነው ያልበላኋቸው።»

«ለምን?»

«ትልቅ ሰው ናቸው። አፈርሁ።»

የሱፉ ፍሬ ጣታቸው መሃል ቀረ። አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳባን አዩ። ሳቁን ጠበቅሁት፤ ጆሮዬን ጭምር ለሳቁ አዘጋጅቼ ነበር። ያ አልመጣም።

«ስንት ነው?» አሉ ሳባን።

ሳባ የልጃቸውን ወረቀት ሰጧቸው። አነበቡት፤ አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጡና ጣታቸውን በሳባ ላይ ቀሰሩ።

«ይህ ስህተት አይደለም፤ አስተዳደግ ነው። እሷ ምክንያት አላት። አንተ ግንብህን ስታፈርስ ምን ምክንያት ነበረህ?»

እኔ ደነገጥሁ። እንዲያ ራሴን አጋልጬ ጭራሽ ሳባን መልሼ ከጉድጓዱ የከተትኋቸው መሰለኝ። ሳባ ግን ተረጋግተው ተቀምጠዋል።

«ምክንያትማ ነበረኝ» አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ደብቀኸው? ምን?»

«ሻዬ ይቀዘቅዝብኝ ነበር።»

ጓደኝየው ጠረጴዛውን መቱት፤ ጠጠሮቹ ዘለሉ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እኔ ውኃ ይዤ ሮጥሁ። ጓደኛቸው ውኃውን ጠጥተው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ቁጥር ቁጥር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሷ አንደኛ። አንተ ሁለተኛ። ሻይ ምክንያት ነው ብዬ ግን አልፈርድልህም።»

«ሁለተኛ ይበቃኛል» አሉ ሳባ፤ ሁለተኛ የሚለውን ቃል እንደ ከረሜላ በአፋቸው እያገላበጡ።

ወረቀቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ እኔ በጻፍሁት የክኒን ሰዓት አጠገብ፣ በማግኔት ለጠፉት። ስሜን ሊጽፉበት ፈልገው ነበር፤ እንቢ አልሁ፤ «ሜታፔሌት» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ከደጅ የሚሰማው ሌላ ሆነ። «ሁለተኛው አለ?» ይላሉ፤ ሳባም «ግባ!» ይላሉ። ለእኔም ጓደኝየው ከዘራቸውን ሲሰጡኝ «ሻሎም ሻምፒዮን» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ጆሮዬን በጥንቃቄ እከፍታለሁ፤ ሌላ ነገር የተደባለቀበት እንደሆነ ላጣራ። እስካሁን አላገኘሁበትም።

ያን የመጀመሪያ ማክሰኞ ግን ጓደኝየው እንዲሁ አልለቀቁኝም። ወንበር ስበው ከፊታቸው አስቀመጡኝ፤ ሰሌዳውን ከመጀመሪያው ደረደሩ፤ ጨዋታው ገና ሞቅ ሲል አንድ ጠጠራቸውን ብቻውን አቆሙና እጃቸውን አጣጠፉ። ሆን ብለው እንደሆነ ግልጽ ነው። ኩቢያዬን ጣልሁ፤ ቁጥሩ ጠጠራቸው ላይ ይደርሳል። ሳባ ከጎኔ ትንፋሻቸውን ያዙ። ልጄ ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ሊበላ ነው የሚጫወተው።

«ይቅርታ አባባ» አልሁ በአማርኛ፣ ጠጠሩንም በሁለት ጣቴ አንሥቼ እንጨቱ ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥሁት።

«ምን አለችኝ?» አሉ ጓደኝየው።

«ይቅርታ ነው የጠየቀችህ» አሉ ሳባ፤ ክረምቱን ሙሉ ከኔ የለቀሟት አንዲት ቃል ነበረች።

«ይቅርታዋን ለራሷ ትያዘው» አሉ ጓደኝየው ኩቢያውን እየሰበሰቡ። «አሁን እኔ ደግሞ የእሷን ልብላ። ሻይ ግን አታፍዪ፣ ይህ ሰው ሊያመካኝበት ነው።»

ሻዩን አፈላሁ። ከመቀመጤ በፊትም ጋዙን አየሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ።